ቀድመው የሚናገሩት ሽማግሌ

ጋሼ ወርቁ ማረፋቸውን የነገረችኝ የእድራችን ጸሐፊ ናት። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኩን ያነሳሁት ወደ ኮሪደር ወጥቼ ነው። «ሰናይት፣ ጋሼ ወርቁ አረፉ» አለችኝ። ድምፄ ሲጠፋባት ያላስታወስኳቸው መሰላትና «እኚያ እንኳ፣ ቀድመው የሚናገሩት ሽማግሌ» ብላ ጨመረችበት።

አዝኜ ሳልጨርስ ተናደድኩ። ሰው ያን ያህል ዘመን ኖሮ፣ በሁለት አገር ሠርቶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ በመጨረሻ መታወቂያው ይህ ይሆናል? ልቆጣት ከጅሎኝ ነበር። ግን መርዶ ነጋሪን አይቆጡትም። «ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ደግሞ በእሷ ምን ይፈረዳል? እዚህ ካናዳ፣ ስካርቦሮ ያለነው ሐበሾች አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በዚያ ነው። አንድ ሰሞን ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ይናገራሉ። ሽምግልና ተልከው ሄደው «አረፍ በሉ» ሳይባሉ ጉዳዩን ያፈርጡታል። ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ሲጠርግ የእሳቸው እጅ ወጥቷል። «ጃጅተው ነው» የሚል ነበር፤ «ካናዳ አበላሻቸው» የሚልም አልጠፋም። እኔ ግን የቀድሞውን ሰው አውቃለሁ። የቀድሞው ጋሼ ወርቁ መጨረሻ ላይ እንጂ ፊት ተናግረው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

የኖርነው አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው፣ እሳቸው ከእኔ በላይ። ሕንጻው ከሐይቁ ዳር ካለው ነጭ ገደል ብዙ አይርቅም። ከእኔ ሰገነት የሚታየው የፓርኪንግ ቦታና የጎረቤት ሕንጻ ግድግዳ ነው፤ ከእሳቸው ሰገነት ግን ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታያል። ሚስታቸው ቀድማቸው አርፋለች፤ ልጆቻቸው ካልጋሪ ናቸው። በጉልበታቸው ዘመን የበር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ። ሰው «መርከበኛው» ብሎ ሲያሞግሳቸው ይስቁና «እኔ የመብራት ሰው ነበርኩ፤ መድፍ በየት በኩል እንደሚተኮስም አላውቅም» ይላሉ። ሥራቸው በትንሽ ጀልባ እየዞሩ በደሴቶቹና በወደቡ መግቢያ ላይ ያሉትን የባሕር መብራቶች ማደስ ነበር።

አንድ የልብ ወዳጅ ነበራቸው፤ ሲቫ ይባላል፤ የስሪላንካ ታሚል ነው። እሱና ሚስቱ ራጂ ከእኛ ሕንጻ ጀርባ ባሉት ዝቅተኛ ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። ሲቫ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ እሱም በአገሩ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጦርነት ሲመጣ የአገሩ ባሕር ኃይል ባሕሩን ዘጋባቸውና እንጀራው ተቋረጠ። እና ጋሼ ወርቁን እያየ «በአገሬ ባሕር ኃይል ከባሕር አባረረኝ፤ እዚህ ከባሕር ኃይል ጋር በአንድ ጀልባ ዓሣ አጠምዳለሁ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። «ካፒቴን» ነበር የሚላቸው። አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረቻቸው፣ ከኋላ ትንሽ ሞተር ያላት። ሁለቱም እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፤ ግን ጀልባ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። ምን እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው ጋሼ «ስለ እናንተ እናማለን» አሉኝ።

ዓሣ ይዘው ሲመለሱ ሕንጻው ሁሉ ይካፈላል። ጾም በገባ ቁጥር ታዲያ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሊፍት ውስጥ ይጀመርና ግማሹ ፎቅ ከግማሹ ጋር ይኳረፋል። ጋሼ ወርቁን እንዲፈርዱ ሲጠይቋቸው «እኔ አጥምጄ አመጣለሁ፤ ኃጢአቱን የበላው ይሸከም» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው በጾም አይበሉም ነበር።

የእድራችን ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ስብሰባ የሚመሩበት አንድ ደንብ ነበራቸው፣ ከአያትና ከአባታቸው የወረሱት፤ ልጅ ይጀምራል፣ ሽማግሌ ያሳርጋል። ከሁሉ ታናሹ መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ በዕድሜ ተራ፤ እሳቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ሁሉንም ይሰማሉ። «በቃ፣ ጨርሰናል» ሲባል ያን ጊዜ ኮታቸውን ቆልፈው ይነሳሉ። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ልጅ ምን ይላል? ‹አባባ ያሉት ይሁን› ብሎ ቁጭ ነው። እኔ ዝም ስል እናንተ ትናገራላችሁ። ሁሉንም ሰምቼ የጎደለውን ብቻ እሞላለሁ» አሉኝ።

ይህ ነገር እንዲያው ወግ ብቻ አልነበረም፤ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣች ልጅ ስብሰባችን ውስጥ ከጥግ ተቀምጣ ነበር። አባልም አልነበረችም፣ ሰው ይዟት መጥቶ ነው። ታናሽ ስለሆነች ጀምሪ ተባለች። እናቷ አገር ቤት እንደሞተች፣ እዚህ አልቅሳ አልቅሳ ስትጨርስ በሯን ያንኳኳ ሰው እንዳልነበረ ተናገረች። አጀንዳችን ሌላ ነበር፤ ከእሷ በኋላ የተናገረ ሁሉ ግን አጀንዳውን ትቶ ስለ እሷ ተናገረ። ጋሼ ሲያሳርጉ «ለቅሶ አባልነት አይጠይቅም» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። እሳቸው ቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ያቺ ልጅ አንዲት ቃል አትተነፍስም ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ዓይነት ስብሰባ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ታዲያ አንድ ኩባንያ ሐይቁ ላይ የነፋስ ተርባይን ሊተክል ነው ተባለ። ክፍለ ሀገሩ በሐይቅ ላይ ለሚተከል ነገር ሕጉን ገና እያረቀቀ ነበር፤ ከዳር ምን ያህል ይራቅ፣ ድምፁ ምን ያህል ይሁን፣ የምንጠጣው ውሃ እንዳይደፈርስ ማን ይቆጣጠር የሚለው ሁሉ አልተወሰነም። ኩባንያው በቅድሚያ የነፋሱን ኃይል የሚለካ አንድ የብረት ማማ ውሃው መሐል ማቆም ፈለገ። ለዚህ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ሕዝብ ይምከርበት ተብሎ በአቅራቢያችን ባለ ትምህርት ቤት ስብሰባ ተጠራ።

ጋሼ ወርቁ ነፋሱን አልተቃወሙም። «ነፋስ ምን አደረገ? ከድንጋይ ከሰል ይሻላል» ይሉ ነበር። እሳቸውን የያዛቸው ያ ማማ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምዱበት መንገድ ላይ ነው የሚቆመው። ወደ ስብሰባው በመኪና ስወስዳቸው ጉዳዩን ነገሩኝ።

«መብራት እንደሚያደርጉበት አውቃለሁ» አሉ። «መብራት ማንጠልጠል ማንም ያንጠለጥላል። እኔ የምጠይቀው፣ ሲጠፋ ማን ይመጣል? እሱን ነው። ስሙ ተጠርቶ፣ በዚያኑ ቀን ይምጣ ተብሎ ይጻፍ።»

«አይ ጋሼ፣ ይሄን እንኳ አስበውበታል። ካናዳ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ምጽዋም ሰው ነበረበት» አሉኝ። «አንድ ማታ የወደቡ አፍ ላይ ያለው መብራት ጠፋ። እኛ የሌላው ጀልባ ሰዎች ይሄዳሉ ብለን ተቀመጥን፤ እነሱም እኛ የምንሄድ መስሏቸው ተቀመጡ። ጠዋት የሄድነው አስከሬን ልንለቅም ነው። ሰነፍ ሰው እኮ አልነበረም መሐላችን። ስም አልተጠራም፣ ይኸው ነው።»

አዳራሹ የስፖርት ጂም ነበር። ከገደሉ ጫፍ ቤት ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ግማሹን ሞልተውታል። እኛ ከእድሩ የመጣነው በአንድ ረድፍ ተቀመጥን፤ ሲቫ ከጋሼ አጠገብ። ሁላችንም ክት ልብሳችንን ለብሰናል። ስብሰባውን የምትመራው ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ቀይ ጸጉር ያላት፣ ፊቷ የደከመ ሴት ነበረች። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ትንሽ ደቂቃ ትሰጣለች። ስለ ወፎች ተወራ፤ ስለ ድምፅ ተወራ፤ ስለ መጠጥ ውሃ ተወራ፤ ጀንበር ስትወጣ ከሳሎን ስለሚታየው ውበት ብዙ ተወራ። ወጣቶች ተነስተው ስለ ምድር ሙቀት ሲናገሩ ባለካናቴራዎቹ አጉረመረሙባቸው። ስለ መብራት አንድም ሰው አላነሳም።

ሴትየዋ ወደ እኛ ረድፍ ዞረችና «ከእናንተስ?» አለች። ከሁላችን ታናሽ የሆነችው ቤዛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ብድግ ብላ በእንግሊዝኛ «እኔ ይቅርብኝ፣ የእኛ አባት ይናገራሉ» አለችና ተቀመጠች። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው አለ። ሲቫ ራሱን ነቅንቆ በአውራ ጣቱ ወደ ጋሼ አመለከተ። ተራው ጋሼ ጋ ሲደርስ በተቀመጡበት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና በእጃቸው ከኋላ ወዳሉት ሰዎች አሳዩ፤ እነሱ ይጨርሱ ማለታቸው ነው። ሴትየዋ መናገር እንደማይፈልጉ አድርጋ ተረዳችው። አመስግና ወደ ኋላ አለፈች።

«ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ! ያልፈናል!» ብዬ በክርኔ ጎሸምኳቸው።

«ይጨርሱ፣ ልጄ። ገና ሰው አለ» አሉኝ። አገጫቸውን ደግፈው እያንዳንዱን ተናጋሪ ይሰሙ ነበር።

በመጨረሻ ሴትየዋ ሰዓቷን አየችና «እንግዲህ ጨርሰናል፣ እናመሰግናለን» አለች። ጋሼ ወርቁ ያን ጊዜ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ። በእሳቸው ዓለም ተራቸው አሁን ነው። አዳራሹ ሁሉ ግን አብሯቸው ተነሳ፤ ወንበር ይታጠፋል፣ ጃኬት ይለበሳል፣ ማይኩ ጠፍቷል። በሰው መሐል እየተጋፉ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና «ማዳም፣ አሁን እኔ ልናገር» አሏት። ሴትየዋ ከልቧ አዘነች። አዳራሹን አሁኑኑ ማስረከብ እንዳለባት፣ በጽሑፍ ሊልኩላት እንደሚችሉ፣ ሌላም ስብሰባ እንደሚኖር ነገረቻቸው። እሳቸውም እጅ ነስተው ተመለሱ።

መኪና ውስጥ «እኔ ዛሬውኑ ኢሜይል ላድርግላት፣ እርስዎ ይንገሩኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ተይው። ጨርሰናል ካለች በኋላ በጓሮ መግባት ነውር ነው። ሌላ ስብሰባ አለ ብላ የለም? ያን ጊዜ ፊት ለፊት እነግራታለሁ።»

ሲቫ ከኋላ ወንበር ሆኖ የምንባባለውን ባይሰማም «ካፒቴን፣ ኔክስት ታይም» እያለ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ።

ማማው በዚያው በጋ ቆመ። መብራት ነበረው፤ ከጋሼ ሰገነት ብልጭ ድርግም ሲል ይታያል። ማታ ማታ ሻይ ይዘው ወጥተው ያዩት ነበር። «አለ፣ አለ» ይላሉ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ምሽት ደወሉልኝ። «ሰናይት፣ ጠፍቷል» አሉኝ።

በማግስቱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አብረን ስንደውል ዋልን። ኩባንያው ማማውን የሚጠብቀው ሌላ ተቋራጭ ነው አለን። ተቋራጩ ጋ ደወልን፤ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት አመልክቱ አለን። እዚያ ስንደውል የመርከብና የጀልባ ነገር የሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ተባልን። እዚያም አንዱ ተቀብሎን፣ ባለንብረቱ ኩባንያው ስለሆነ ወደ እሱ መራን። ማንም አልሰደበንም፣ ማንም ስልክ አልዘጋብንም። ሁሉም ስሜን ጠይቀው መልካም ቀን ተመኝተውልኛል። ጋሼ ስልኩን እያዩ «አየሽ?» አሉኝ። መብራቱ በዚያም ሳምንት፣ በሚቀጥለውም አልበራም።

ጋሼና ሲቫ እስኪበራ ድረስ ላይወጡ ተስማምተው ነበር። ዳሩ ግን የሲቫ ልጅ ልትታጭ ሆነና የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። ሲቫ ደግሞ እንግዶቹን በገዛ እጁ ባጠመደው ዓሣ ካልሆነ አላስተናግድም አለ። ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የተወለደ ሰው ለልጁ አማቾች ከሱቅ የተገዛ ዓሣ ያቀርባል? ለጋሼ ሳይነግራቸው ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወጣ። ሐይቁ ላይ ጉም ነበረ። ጀልባዋ ማማውን እግሩ ላይ ገጭታ ተገልብጣ ተገኘች። ሲቫ የተገኘው ዘግይቶ፣ ገደሉ ሥር ነው።

አደጋው በደረሰ ማግስት ሰዎች በፈጣን ጀልባ መጥተው መብራቱን አበሩት። ያን ምሽት ከጋሼ ሰገነት ሆኜ ብልጭ ድርግም ሲል አየሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ የጠላሁት ብርሃን የለም።

ለቅሶው ላይ ጋሼ ወርቁ ከወንዶቹ ጋር መሬት ተቀምጠው ዋሉ። ራጂ መጥታ እጃቸውን ይዛ «አና» አለቻቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። «አና፣ እርስዎ ቢኖሩ አይሄድም ነበር» አለች። ስለ ስብሰባው ግን ምንም አላነሳችም። ባሏ ነግሯት እንደሆነ እንጃ፤ ቢነግራትም ለእሷ ምንም አይደለም፣ አንድ ሽማግሌ ተራ አልደረሰው፣ ይኸው ነው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያቺ ቀይ ጸጉር ያላት ሴት ስለ አደጋው የሐይቁን ዳር ሰዎች ልታነጋግር ወደ ሕንጻችን መጣች። ሰው ሲወጣ ጋሼ ወደ እሷ ጠጋ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጡ ጠየቋት። «ያን ምሽት ‹መብራቱ ሲጠፋ በዚያኑ ቀን የሚመጣው ሰው ተለይቶ ይጻፍ› ብዬ ብናገር ኖሮ፣ ምን ታደርጉ ነበር?»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበች። ብትዋሽ ምን ነበረበት? ብዬ አሁንም ድረስ አስባለሁ። «እንጽፈው ነበር» አለች። «ቀላል ነገር ነው። ፈቃዱ ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው። ማንም አይቃወመውም ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አሏት ጋሼ። እውነቱን ስለነገረቻቸው ከልባቸው ነው ያመሰገኗት። እኔ ግን በሴትየዋ ተቃጠልኩ። ከዚያ ለመላው ክፍለ ሀገር የሚሆነው ሕግ እየተረቀቀ መሆኑን፣ በክረምቱ ትልቅ ስብሰባ እንደሚኖር፣ እዚያ ቢናገሩት ለየትኛውም ሐይቅ የሚሠራ ሆኖ እንደሚገባ ነገረቻቸው። ጋሼ ቀና አሉ።

ሊፍት ውስጥ «እሱን አጽፌ ነው ራጂ ጋ የምሄደው» አሉኝ። «ያኔ ሁሉንም እነግራታለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ባልሽ የሞተው በእኔ ጨዋነት ነው ልላት አልችልም። ቢያንስ የሌላ ሴት ባል እንዳይሞት አድርጌያለሁ ልበላት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? መብራቱን ያላበሩት ናቸው ያጠፉት» አልኳቸው። ከልቤ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው።

«እነሱ የራሳቸውን ይመልሱ። የእኔን እኔ ነኝ የምመልሰው» አሉ።

ሰው ያን ጊዜ ነው የተገረመባቸው። በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ ገና ሳንቀመጥ መናገር ጀመሩ። ቤዛ በለመደችው አፏን ከፍታ ልትጀምር ስትል በእጃቸው አስቆሟት። «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ እኔ ነኝ። ከዚያ እናንተ። ሰዓቱን አላምነውም» አሉ። ተሳሳቅን፤ ቀልድ መስሎን ነው። በሚቀጥለውም እንዲሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። እሳቸው እንደፈሩትም ልጆቹ ዝም አሉ፤ ጋሼ ከተናገሩ ምን እንጨምራለን እያሉ ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። አንድ ጋብቻ ላይ ሽማግሌ ሆነው ሄደው በሩ ላይ እንደቆሙ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ጀመሩ፤ የሙሽራዋ አባት ገና ኮታቸውን እየተቀበላቸው ነበር። ልጁ በሐፍረት መሬት ሊገባ ምንም አልቀረው። አንድ አዛውንት በኋላ ስብሰባ ላይ ተነስተው «ወግ የማያውቅ ሰው ሰብሳቢ ሊሆንልን አይገባም» አሉ። ጋሼ ሰብሳቢነቱን አስረክበው ከጥግ ወንበር ያዙ፤ ከጥግ ሆነውም ቢሆን መጀመሪያ እጃቸውን ማውጣት አልተውም።

እኔ ምክንያቱን ለሰው መንገር ፈልጌ ነበር። «ከራጂ በፊት ማንም አይሰማም» ብለው አስማሉኝ። ስለዚህ ሰው ሲስቅባቸው እየሰማሁ ዝም እል ነበር። ያ ክረምት እንዴት እንደረዘመብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የስብሰባው ቀን በረዶ ይጥል ነበር። አዳራሹ ሳይከፈት ነው የደረስነው። ጋሼ ከፊት፣ ማይኩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ኮታቸውን ከቤት ጀምረው ቆልፈውታል። የሚሉትን በእንግሊዝኛ ለሳምንታት ስንለማመደው ከርመናል፣ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ባለካናቴራዎቹ ሲገቡ ግን ይስቃሉ፣ ይተቃቀፋሉ። አንዲት ሴት የማታውቀኝን እኔን አቅፋ ሳመችኝ። መንግሥት በሐይቅ ላይ የሚተከለውን የነፋስ ተርባይን ሁሉ ተጨማሪ ጥናት እስኪደረግ አግዶታል፤ ዜናው ወሬው ሁሉ እሱ ነው።

ቀይ ጸጉሯ ሴት ወደ ማይኩ ስትመጣ ጋሼ ቀድመዋት ቆመው ነበር። «ማዳም፣ እኔ ልጀምር» አሏት።

«ጌታዬ፣ ስብሰባው ተሰርዟል» አለች። «ረቂቁ ቀርቷል። ከእንግዲህ የሚተከል ነገር የለም። አሸንፋችኋል እኮ!»

«የቆመውስ? መብራቱ ሲጠፋ ማን ይመጣል?»

«እሱ… ይነሳል ብዬ አስባለሁ። በትክክል መቼ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ እሱን የምንነጋገርበት አይደለም» አለች። ከኋላችን ሰዎች እያጨበጨቡ ይዘፍኑ ነበር። ጋሼ ማይኩን በእጃቸው እንደያዙ አራቱን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ አንድም ሳይስቱ። ማይኩ በርቶ ነበር። የሰማቸው ግን ከእኔ በቀር የለም፤ የሚጽፍላቸውም ሰው አልነበረም፤ የሚጻፍበትም ሕግ አልነበረም።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ራጂ ቤት ንጂኝ» አሉኝ።

«ዛሬ ይቅር፣ ጋሼ። ይረፉና ሌላ ቀን።»

«ሌላ ቀን አልኩ እኮ አንድ ጊዜ» አሉ።

ራጂ በሩን ስትከፍት ፊቷ በርቶ ነበር። ሲቫ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ዜናውን ሰምታለች፤ ከወጥ ቤት የቅመም ሽታ ይመጣል። ሁለቱንም የጋሼን እጆች ያዘች። «አና፣ አስቆሟቸው! አውቄ ነበር፤ ለሲቫ ብለው ክረምቱን ሙሉ ሲለፉ እንደከረሙ ልጄ ነግራኛለች። ግቡ፣ ዛሬ እኔ ቤት ነው የምትበሉት» አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

በሆዴ «ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ዝም ይበሉ» አልኩ። ግን እሳቸው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ። ያስቆሟቸው እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሯት። አንዲትም ቃል እንዳልተጻፈች ነገሯት። የመጀመሪያውን ስብሰባ፣ ሲቫ በአውራ ጣቱ ወደ እሳቸው ማመልከቱን፣ እሳቸው ሰው ይጨርስ ብለው መቀመጣቸውን፣ ብናገር ኖሮ ይጻፍ እንደነበር፣ ሁሉንም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሯት። ምንም አላስቀሩም።

ራጂ እጃቸውን ቀስ ብላ ለቀቀች። ፊታቸውን አየችና «አና» አለች፣ «ይህንን ነገር ነገ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አንድ ማታ እንኳ ደስ ብሎኝ አድር ነበር።»

በሩን ዘጋችው፣ በቀስታ፣ ሳታንገጫግጭ። ጋሼ ወርቁ እዚያው ቆመው ቀሩ። በረዶው ባርኔጣቸው ላይ ሲቆለል ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ወደ እድሩ ስብሰባ ይመጡ ነበር። ከጥግ ይቀመጣሉ፣ ቤዛ ትጀምራለች፣ ሌላው ይቀጥላል። «ጋሼ፣ እርስዎስ?» ሲባሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊትም አልተናገሩ፣ ኋላም አላሳረጉ።